በጉሮሮ የወጡት አራት ሰዎች

ደግሰው የወይራ አምባን ጥብቅ ደን መጠበቅ የጀመረው በ1986 ዓ.ም. ነው። ከብት እንዳይገባ ያያል፣ እንጨት ቆራጭ ያባርራል፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ሣሩ በተራ ሲታጨድ ተራው እንዳይዛባ በመካከል ይቆማል። ተራራው ከሰቆጣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። በምሥራቅ በኩል ደጋው ሜዳ ላይ ደገፍ ብሏል፤ በምዕራብ በኩል ግን ቁልቁል ተቆርጦ ወደ አበርገሌ ቆላ፣ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በዚያ በቆላው በኩል ተራራውን ከእግሩ እስከ አናቱ የሚሰነጥቅ ጠባብ ሸለቆ አለ። የአገሩ ሰው ጉሮሮ ይለዋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም፣ ግራና ቀኙ ክትክታና ሰምበሌጥ ነው፣ አናቱ ላይ ደግሞ በእጅ እየቧጠጡ የሚወጡት ድንጋይ አለ። ቢሆንም አቋራጭ ነው። በዙሪያው የሚሄድ ሰው ግማሽ ቀን የሚደክምበትን፣ በጉሮሮ የገባ ሰው ቁርሱ ሳይበርድ ይጨርሰዋል ይባላል።

በ1989 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ተራራው እሳት ያዘው።

ጠዋት ጭሱን ያየው ራሱ ደግሰው ነው። የቀንድ ጡሩምባውን ነፋ። አርባ ያህል ሰው ዶማና አካፋ ይዞ፣ ያልያዘም እርጥብ ቅጠል ቆርጦ ተሰበሰበ። ማንም አዛዥ ብሎ የሾመው የለም፤ ግን ተራራው የሱ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ሰው ሁሉ የሱን አፍ ያይ ነበር። እስከ ቀትር ድረስ በሰሜኑ ጎን ያለውን በቅጠል እየደበደቡ፣ አፈር እየመለሱበት አጠፉት። መሬቱ ጠቁሮ፣ እዚህም እዚያም ጉቶ እያጨሰ ቀረ። የቀረው ከታች በኩል እንደ ምላስ የሚንቀሳቀስ ቀጭን እሳት ነው። ምላሱ ግን የሚያመራው በሁለት ዓመት የሥራ ዘመቻ ችግኝ ወደ ተተከለበት ወገብ ነበር።

«አራት ሰው በጉሮሮ ወጥቶ ከላይ ቢቀድመው፣ ሣሩን አጭዶ መሬቱን ቢገልጥለት፣ እዚያው ይሞታል» አለ ደግሰው።

ቀድሞ ዶማውን ያነሣው ምንዋጋው ነበር። ምንዋጋው የደግሰው ጎረቤትም አበልጅም ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ሸጋውን ክርስትና ያነሣለት ደግሰው ነው። ቀጥሎ የአባ ወልደ ሐዋርያት አንድ ልጅ የሻምበል ተነሣ። ከዚያ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሰማኸኝና ገብረ አማኑኤል፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ዝም ማለት ስለማይሆንለት ተከተሉ። አራቱ በጉሮሮ ገቡ። ደግሰው ደግሞ ከእነሱ ጎን፣ ጠዋት በተቃጠለው መሬት ጠርዝ በኩል ባለው አለት ላይ እየተንጠላጠለ፣ እያያቸው፣ እያዩት፣ እያነጋገራቸው ወጣ። ምንዋጋው ከታች «አበልጄ፣ ጥላው ላይ ጠላ ይጠብቀን ይሆን?» ብሎ ሲቀልድ ሰምቶታል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የተከዜ ነፋስ ተነሣ። ይህን ነፋስ የማያውቅ ሰው በዚያ አገር የለም። ቆላው ቀኑን ሙሉ ሲግል ይውልና ከሰዓት በኋላ ትንፋሹን ወደ ደጋው ይሰዳል። ጋቢ ያራግባል፣ የአውድማ ገለባ ይበትናል። ያን ዕለት ከታች የነበረውን ምላስ አንሥቶ ጉሮሮ ውስጥ ከተተው።

ሁሉም ነገር ያለቀው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ እስኪያልቅ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ የክረምት ጎርፍ ይመስል ነበር። ከዚያ ጭሱ። አራቱ ሰዎች ቆሙ። ምንዋጋው ቀና ብሎ ደግሰውን አየው፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ሃያ፣ ቢበዛ ሃያ አምስት እርምጃ ነው።

«ደግሰው፣ በየት እንውጣ?» አለ።

ደግሰው በኽምጣንጋ፣ በእናቱ ቋንቋ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በሚጮህበት ቋንቋ መለሰለት። ወደ ላይ አለው።

ወደ ላይ ሮጡ። እሳቱ ከፍየል ይልቅ ይሮጥ ነበር። አናቱ ላይ ያለው ድንጋይ ሥር ነው ያገኛቸው።

ሬሳቸውን በቃሬዛ ያወረዱት በማግስቱ ነው። በሳምንቱ ከከተማ ሦስት ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ እሳቱን ማን ለኮሰው? አንዱ አንዱን ሲያይ ቆይቶ የማር ቆራጩ የይግዛው ስም ተጠራ። ያን ሰሞን በጭስ ቀፎ ሲቆርጥ ታይቷል። ይግዛው አልለኮስኩም ብሎ በማርያም ማለ፣ በልጁ ማለ፤ ወስደው ስምንት ወር አሰሩት። አራቱ ሰዎች ለምን ጉሮሮ ውስጥ እንደነበሩ፣ ለምንስ እንዳልወጡ የጠየቀ የለም። ከሦስቱ አንዱ ብቻ፣ ወረቀቱን እያጠፈ፣ «ለአሟሟታቸው ምክንያቱ ነፋሱ ነው፣ አይደል?» አለው ደግሰውን።

«ነፋሱ ነው» አለ ደግሰው።

ውሸት አልነበረም። የከበደውም ለዚህ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ለንስሐ አባቱ ተናግሮ ይገላገለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ደግሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማ የለም። በሬው ከማሳ ወጥቶ ሲሄድ እንደ ሰው ሁሉ ጮኾ አይመልሰውም፤ ሄዶ በእጁ ይይዘዋል። ሚስቱ ከሩቅ ስትጠራው አቤት አይልም፤ መጥቶ አጠገቧ ይቆማል። ሰው ሐዘን ነው አለ። አበልጁን የቀበረ ሰው ምን ይሁን?

በ1992 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አውድማው መካከል ቆሞ ጤፍ ሲያበራይ የምንዋጋው ባለቤት ማንጠግቦሽ መጣች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ አውድማው ዳር ቆመች።

«አበልጄ፣ ምንዋጋው የሞተበትን ቦታ ያሳዩኝ» አለችው።

«ምን ያደርግልዎታል? ድንጋይ ብቻ ነው ያለው።»

«ሸጋው ለእሳት ማጥፋቱ ተመዝግቧል። ከእኩዮቹ ጋር ነው። አባቱ በምን እንደሞተ ሳላውቅ ልጄን ምን ብዬ ልምከረው?»

«ነፋስ ነው፣ አበልጄ። ሲነገር ሰምተዋል እኮ።»

«ነፋስማ በሁሉም ላይ ነፈሰ» አለች ማንጠግቦሽ። «አርባ ሰው ነበር ተራራው ላይ። ሠላሳ ስድስቱ ራቱን ቤቱ በላ።»

እህሉ ይግባና አላት። እህሉ ገባ። ገና ይለፍ አለ፤ ገና አለፈ። ጥምቀት ይለፍ አለ። የካቲት ላይ በትሯን ይዛ፣ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ደጁ ስትቆም የሚጠቅሰው በዓል አላገኘም። ተከትላው ወጣች።

ጉሮሮ ከሦስት ዓመት በኋላ ምንም ያልደረሰበት ይመስላል። ሰምበሌጡ ወገብ ድረስ በቅሏል፤ ክትክታው ከሥሩ አቆጥቁጦ ቅጠሉ ያብረቀርቃል። ደግሰው በዚያን ቀን በቆመበት አለት ላይ ቆመ። ማንጠግቦሽ ግን አልቆመችም፤ በእጇ ሣሩን እየከፈለች ሸለቆው ውስጥ ወረደች።

«እዚህ ነበር?»

«ትንሽ ዝቅ ይበሉ።»

ዝቅ አለች። «እዚህ?»

«አዎ።»

ዘወር ብላ ወደ ላይ፣ ወደ ድንጋዩ አየች። ወደ ታችም አየች። «እዚህ ሆኖ ምን አለ?»

«‹በየት እንውጣ?› አለኝ።»

«አንቱስ ምን አሉት?»

ደግሰው አለቱን በእጁ ያዘ። «‹ወደ ላይ› አልኩት።»

ማንጠግቦሽ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደሱ፣ እንደ ደካማ ሴት ቀስ ብላ መራመድ ጀመረች። ጥቂት ቆይታ አጠገቡ ነበረች። የቆመበትን መሬት በበትሯ መታ መታ አደረገች።

«ይሄ ተቃጥሎ ነበር? በዚያን ቀን?»

«ጠዋት ተቃጥሎ አልቋል።»

«ታዲያ እሳት ሁለቴ አይበላ። እዚህ ቢደርሱ ኖሮ ይተርፉ ነበር።»

«በመካከል እሳት ነበር። በሣሩ ዳር ዳር የሚሄድ።»

«ቁመቱ ስንት ነበር?»

ደግሰው እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ማንጠግቦሽ እጁን አየች፣ ጉልበቱን አየች።

«ገደልከው» አለች።

አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። አበልጅ ለአበልጅ አንቱ ይባባላል፤ ሸጋው ክርስትና ከተነሣበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አንተ ብላው አታውቅም። ጀርባዋን ሰጥታው አለቱ ላይ ተቀመጠች። ደግሰው መቆምም መቀመጥም አቅቶት በመካከሉ ጎንበስ ብሎ ቀረ። ፀሐይ ከጀርባቸው ወደ ፊታቸው እስክትዞር እንዲያ ቆዩ።

«ለምን ወደ ላይ አልክ?» አለች በመጨረሻ፣ ሳትዞር።

«አላውቅም። ሦስት ዓመት ራሴን ጠይቄዋለሁ። ከላይ ሰማይ ይታይ ነበር። በዚህ በኩል የሚታየው እሳት ነው። ሰው ሲሸሽ እሳት ወደሌለበት ነው የሚሸሽ። አላሰብኩትም፤ ከአፌ ወጣ።»

ማንጠግቦሽ ራሷን ነቀነቀች። «እኔም ብሆን ወደ ላይ እል ነበር» አለች። «የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሸጋውም ያንኑ ይላል። የሰው ሁሉ ልብ ‹ወደ ላይ› ነው የሚለው።» ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ተናገር። ለልጆቹ ንገራቸው። ሰንበቴው ላይ፣ ሁሉ በተሰበሰበበት።»

«ይጠሉኛል።»

«ይጥሉህ» አለች።

ደግሰው የተናገረው በሚቀጥለው እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰንበቴው በተሰየመበት ነው። ቁሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ምንዋጋው የጠየቀውን፣ እሱ የመለሰውን፣ በመካከል የነበረውን እሳት ቁመት፣ ሁሉንም ተናገረ። የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ተዋበች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባ ወልደ ሐዋርያት ዋንጫቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ተነሡ።

«የኔ ልጅ ያንተን ቃል አምኖ ነው የሞተ» አሉ። «ሦስት ዓመት ደግሞ ከእኔ ጋር ከአንድ ዋንጫ ጠጣህ።»

በትራቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲያ ደግሰውን አላናገሩትም። መንገድ ላይ ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ከቆመ እሳቸው ከኋላ ይቆማሉ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። አስቦ አላደረገውም፣ ደም የለበትም ተባለ። ጥበቃነቱ ግን ቀረ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሌላ ሰው ቀጠረ። ይግዛው ከእስር ከወጣ በኋላ ከሰው መቀላቀል ትቶ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ደግሰው ቤት ድረስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «እኔን ያሰሩኝ ሣር ስለተቃጠለ አይደለም። ሣር በየዓመቱ ይቃጠላል። ያሰሩኝ ሰው ስለሞተ ነው» አለውና ሄደ። እውነቱን ነው።

የሚገርመው ወጣቶቹ መምጣታቸው ነው። በመጀመሪያ ሸጋው ብቻውን መጣ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ትከሻው የአባቱ። «ክርስትና አባቴ፣ ቦታውን ያሳዩን» አለ። በማግስቱ ዐሥራ ሁለት ሆነው ወጡ። ደግሰው እያንዳንዳቸውን ጉሮሮ ውስጥ አስገብቶ አቆማቸውና፣ «አሁን እሳት ከታች መጣ፤ በየት ትወጣለህ?» አለ። ዐሥራ ሁለቱም ወደ ላይ አመለከቱ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ጎን፣ የተቃጠለ መሬት ነው ብሎ ወዳሳያቸው አለት አስሮጣቸው። ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው። መጀመሪያ ሳቁ፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ የሚስቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የካቲት ሲገባ ይወጡ ነበር። ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ። እሳት ጋ ከመግባት በፊት መውጫው በየት እንደሆነ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ከስምንት ሰዓት በኋላ ጉሮሮ አይገባም፤ ከዚያ በፊት የገባም ቢሆን አንድ ሰው አለቱ ላይ ቆሞ ነፋስና ጭስ ብቻ ያይለታል፣ ሌላ ሥራ አይሠራም። ሰውየው ጡሩምባውን ሦስት ጊዜ ከነፋ ማንም ለምን አይልም፤ ዶማውን ጥሎ ወደተቃጠለው መሬት ይገባል። አለቱ ላይ ማን ይቁም ሲባል ወጣቶቹ ደግሰው አሉ። እሱ አይሆንም አለ። ሸጋው፣ «ከእርስዎ በላይ የሚፈራ ሰው የለንም» አለው። ስድብ አልነበረም።

በ1996 ዓ.ም. መጋቢት ላይ እሳቱ ተመለሰ።

ከቆላው በኩል አንድ ገበሬ የማሳውን ገለባ ሲያቃጥል አመለጠው። በኋላ እንደተሰማው ገበሬው እሳቱ ከእጁ ሲወጣ አይቷል፤ ገና የአንድ ሰው ጋቢ በምታህል ጊዜ አይቷል። ጮኾ ሰው ቢጠራ ኖሮ አምስት ሰው ያጠፋው ነበር። ግን ይግዛው ስምንት ወር እንደታሰረ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ማን ሄዶ ይታሰራል? ሰውየው ዝም ብሎ ቤቱ ገባ። እሳቱ የተራራውን እግር ከያዘ በኋላ ነው ጡሩምባ የተነፋው።

ያን ዓመት ተራራው ከምንጊዜውም በላይ ሀብታም ነበር። ችግኙ ጥላ ሆኗል፣ ሰምበሌጡ የሁለት መንደር ከብት የሚያከርም ነው። ወጣቶቹ በማኅበር ያኖሯቸው ቀፎዎች ወገቡ ላይ ተደርድረዋል። ሸጋው ሰዉን ይዞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። ሣሩን አጨዱ፣ መሬቱን ገለጡ፣ ከጉሮሮ አፍ እስከ ቀፎዎቹ ድረስ ሰፊ ባዶ መሬት መዘርጋት ጀመሩ። ደግሰው አለቱ ላይ ቆሞ ያያል። ሥራቸው ያምር ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ የቀረው እንደ አንድ ጥማድ መሬት ያህል ነው፤ እሱን ከጨረሱ እሳቱ መሄጃ ያጣል። የቀረችው መሬት ግን ከጉሮሮ ጎን ነበረች፤ የሚደረስባት በጉሮሮ ነው። የመግቢያው ሰዓት አልፎ ነበር፣ ደግሰውም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ። ትንሽ ነች ብለው ዝም ተባባሉ።

ስምንት ተኩል ሲሆን ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ጭስ ጎንበስ አለ። ወደ ተራራው ጎንበስ አለ። ከታች ያለው ሰምበሌጥ ጫፉ እንደሚሰግድ ሰው ተኛ፣ ተነሣ፣ ተኛ። ደግሰው ጡሩምባውን አፉ ላይ አድርጎ ቆመ። ቢነፋ ተራራው ይቃጠላል። ባይነፋ... ከታች የሸጋውን ጀርባ አየ። ዶማውን ሲያነሣ፣ ሲያወርድ።

ሦስት ጊዜ ነፋ።

ሰዎቹ ቀና አሉ። «አንድ ሰዓት ብቻ!» ብሎ ጮኸ ሸጋው ከታች። «አንድ ሰዓት ይስጡን!»

ደግሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ነፋ። ሸጋው ዶማውን መሬት ላይ ወረወረው። አንድ በአንድ፣ እየተሳደቡ፣ ጠዋት ተቃጥሎ ወዳለቀው ጥቁር መሬት ወጡ። ሠላሳ አንድ ሰው። ደግሰው እስከ መጨረሻው ቆጠራቸው።

ነፋሱም ቆመ።

እንዲያ ነው የሆነው። ጥቂት ነፈሰና ቆመ። እሳቱ ጉሮሮ ውስጥ አልገባም። እንደ ገበያ ሰው ሳይቸኩል፣ በሌላ በኩል፣ ሰዎቹ ሳያጭዱት ትተውት በሄዱት መሬት ላይ ተሻግሮ ወገቡን ያዘ። እንደገና ሊገቡበት ሲነሡ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ስፋቱ ሰው የሚችለው አልሆነም። ሠላሳ አንዱ ሰው አመድ ላይ ተቀምጦ ቀፎዎቹ አንድ በአንድ ሲነድዱ ሲያይ ዋለ። ሰሙ ሲቀልጥ ሽታው ደጋው ድረስ ይሰማ ነበር ይላሉ። በማግስቱ ጥቁር ተራራ መካከል ጉሮሮ ብቻ ቢጫ ሣሩን ለብሶ፣ አንድ ቅጠል ሳይነካ ተገትሮ ታየ።

ከዚህ በኋላ የተባለው አይነገርም። «ያቺ ጡሩምባ አደኸየችን» ተባለ። «ያኔ ወደ ሞት ላካቸው፣ አሁን ከሥራ አስወጣቸው» ተባለ። አባ ወልደ ሐዋርያት እንኳ፣ ስሙን በአፋቸው ሳያነሡ፣ «እሱ ሲናገርም ሲፈራም ለሰው አይሆንም» አሉ ተብሎ ጆሮው ደረሰ። ሞተ የተባለ ሰው ስላልነበረ ማንም አላለቀሰም፤ ስላልተለቀሰም አንድ ሰው ሊሞት ይችል እንደነበር የሚያስታውስ አልተገኘም።

ከከተማ ፅዮን የምትባል ወጣት ባለሙያ ቅጽ ይዛ መጣች። እሷ ማን ለኮሰው ብላ አልጀመረችም። አለቱ ድረስ ወጥታ ደግሰውን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ነፋሱ ስንት ሰዓት እንደተነሣ፣ ለምን እንደነፋ፣ ስንት ሰው እንደወጣ አንድ በአንድ ጠየቀችው። ደግሰው መለሰላት፤ እንዲህ ጠይቆት የሚያውቅ ከማንጠግቦሽ በቀር የለም። ቅጹ ላይ የተቃጠለው መሬት የሚሞላበት ሰፊ ቦታ አለ፣ ለዛፉ አለ፣ ለቀፎው አለ። የሞተ ሰው ከሚለው ፊት ለፊት «የለም» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶውን ሳታስቀምጥ፣ «ሰው ለምን እንዳልሞተ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፣ አባቴ» አለችው። ከቅጹ ጀርባ ላይ በእጇ ሁለት መስመር ጻፈችበት። «የሚያነበው ሰው መኖሩን ግን አላውቅም።»

ክረምቱ ዘግይቶ ገባ። ሣር አልነበረም። ከብት ያለው ሰው ወደ ፃግብጂ፣ ወደ ኒሯቅ እየነዳ ወሰደ፤ መንገድ ላይ የቀረው ብዙ ነው። ማንጠግቦሽ ሁለት በሬ ነበራት። አንዱ ሰኔ ላይ ሞተ። አንድ በሬ አያርስምና ሌላውን ሰቆጣ ገበያ ወስዳ ሸጠችው፤ ቆዳና አጥንት ስለነበር የከፈሏት ለቆዳው ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ገንዘብ ሸጋው ሳዑዲ እሄዳለሁ አለ። በጅቡቲ በኩል፣ በጀልባ። ባሕሩ የሚውጣቸው እንዳሉ ሁሉም ሰምቷል። ማንጠግቦሽ አልከለከለችውም፤ በምን አፏ ትከልክለው? አራት እኩዮቹ አብረውት ነበሩ፤ ከዐሥራ ሁለቱ መካከል የነበሩ ናቸው።

መኪናው ከሰቆጣ የሚነሣበት ቀን ደግሰው አብሯቸው ሄደ። ሸጋው ትንሽ ከረጢቱን ጣራ ላይ ካስጫነ በኋላ ደግሰውን ለብቻው ጠራው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጉንጩ ገብቷል።

«ክርስትና አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን ነፋሱ በእርግጥ ይመጣ ነበር?»

ደግሰው መሬት መሬቱን አየ። «አላውቅም» አለ።

«ይመጣ ነበር ቢሉኝ ይሻለኛል። መንገድ ላይ ይዤው የምሄደው ይሆነኝ ነበር።»

«ይሻልህ ነበር፣ ልጄ። ግን አላውቅም። አንድ ጊዜ ሳላውቅ ተናግሬ አባትህ ሞቷል።»

ሸጋው አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመውና መኪናው ውስጥ ገባ። በመስኮቱ እናቱን አያት፤ ደግሰውን ግን እንደገና አላየውም።

ማንጠግቦሽ መኪናው ከታጠፈ በኋላም ቆማ ቀረች። ወደ ቤት ሲመለሱ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ሄዱ።

«አባቱን በቃሬዛ ነው ያየሁት» አለች አንድ ቦታ ላይ፣ ሳትቆም። «እሱ በእግሩ ሄደ። ለዚህ ላመስግንህ ብዬ አስብና አፌ አይልልኝም።»

«አታመስግኚኝ» አለ ደግሰው።

«አላመሰገንኩህም።»

ከዘጠኝ ወር በኋላ ሸጋው ጂዛን አካባቢ የሰው ፍየል እየጠበቀ እንደሆነ ከዚያ የተመለሰ ሰው ወሬ አመጣ። ከአምስቱ ሦስቱ ደርሰዋል፤ ስለ ሁለቱ ማንም የሚያውቅ የለም። ሸጋው የስልክ ቀጠሮ ይዞላት ማንጠግቦሽ ሰቆጣ ወርዳ አነጋገረችው። ድምፁ ይርቅ ነበር። ስለ ጤናዋ ጠየቃት፣ ስለ ዝናቡ ጠየቃት፣ ስለ ጎረቤት ሁሉ በስም በስም ጠየቃት። ስለ ክርስትና አባቱ አልጠየቀም። እሷም ሳታነሣለት ስልኩ ተቋረጠ።

ስትመለስ ደግሰው ከመንደሩ በታች ማሳውን በዶማ ሲቆፍር አገኘችው፤ የሱም በሬዎች አልቀዋል። ዶማውን ተደግፎ ጠበቃት።

«ምን አለ?» አላት።

«ደኅና ነው» አለች ማንጠግቦሽ። «ሰላም ብሎሃል።»

ደግሰው ፊቷን አየ። እንዳላለው ገባው። ደግሞ አልጠየቃትም፤ ዶማውን አንሥቶ ከቆመበት ቀጠለ።